ቢተውና እግር የሌለው ውኃ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ባላምባራስ ድፋባቸው የሚባሉ ቅምጥል ጌታ ነበሩ። ዝንብ ያረፈበትን አይበሉም፤ ላም ያስነጠሰችበትን አይጠጡም። በዚያው አገር ምላሱ ረጅም፣ ወገቡ ሰነፍ የሆነ ቢተው የሚባል ሰው ነበር። ቢተው ዓሣ ይወዳል፤ መንጠቆ ይዞ መቀመጥ ግን ሞቱ ነው።

አንድ ቀን ባላምባራስ ዋንጫቸውን ቢያዩ አንዲት ሚጢጢ ፍጥረት በስድስት እግሯ ትርመሰመሳለች። ውኃው ተደፋ። ሌላ ቢቀዳ፣ አሁንም እግር። ቢጠለል፣ አሁንም እግር።

ውኃ ቀጂዋ አንጓች፣ "ጌታዬ፣ እነዚህ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ናቸው። ውኃው ጥሩ ካልሆነ አይቀመጡም። እኔስ የምፈራው የጠፉ ዕለት ነው" አለች።

ባላምባራስ ሳቁ። "ደግሞ ለትል ጠበቃ ቆመለት" አሉ።

ቢተው ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ወንዙን እኔ አጠራዋለሁ አለ። ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቀጠና ከላይ በተነው። እግራሞቹ አለቁ፤ ዓሦቹም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፈፉ። ቢተው ይህም ቆሻሻ ነው፣ እኔ ልጣልላችሁ እያለ በአቁማዳ ሰብስቦ ቤቱ ወሰደና ጠበሰው።

ውኃው ኩልል አለ። ባላምባራስ ደስ ብሏቸው ለቢተው ካባ አለበሱት። ከዚያ ወዲያ ዓሣ ባማረው ቁጥር ወንዙ ቆሽሿል ይላል፤ ይወቅጣል፣ ይበትናል፣ ይጠብሳል። ድንጋዩ አተላ ለበሰ። ከብቱ ውኃውን አሽትቶ ይመለስ ጀመር። አንጓች ድንጋይ ብትገለብጥ ባዶ፣ ሌላ ብትገለብጥ ባዶ፤ ልጆቼን ምን ላጠጣ ነው ብላ አለቀሰች።

ባላምባራስ ግን በጠራው ወንዛቸው ኮርተው ዳሩ ላይ ድግስ ደገሱ። ቢተው ለግብዣው ዓሣ ብሎ በዚያው ጠዋት አንድ ቁና ሙሉ ብርብራ በትኗል። ባላምባራስ ከወንዙ በዋንጫ አስቀዱና፣ "ያጠራኸውን መጀመሪያ አንተው ቅመስ" አሉት።

ቢተው ዋንጫውን በእጁ ገፋ አደረገ። ስለት አለብኝ አለ፤ ስለቱ በእኔ ይሁን አሉት። ሆዴን ቆርጦኛል አለ፤ መድኃኒቱ ውኃ ነው አሉት። ውኃ ጥንቱንም አልወድም አለ፤ ዋንጫውን ወደ አፉ አስጠጉለት።

አንጓች ጠጋ አለች። "ምነው ቢተው፣ ትል ይኖርበታል ብለህ ፈራህ?"

"ኧረ ትል ቢኖርበትማ እጠጣው ነበር" አለ ቢተው።

አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባላምባራስ ዋንጫውን አዩ፣ ቢተውን አዩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ካባው ተገፈፈ። እግራሞቹ ወንዙ ውስጥ እስኪመለሱ ድረስም ከሩቁ ምንጭ ለየቤቱ ውኃ እንዲሸከም ተፈረደበት። በየማለዳው እንስራውን አውርዶ ይንበረከካል፤ ድንጋይ እየገለበጠ፣ "ኧረ እባካችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ" እያለ ትል ይለምናል።

እናንተም፣ ልጆቼ፣ የወንዝን ጤና ከጌታውም ካጣሪውም አትጠይቁ፤ ድንጋዩን ገልብጣችሁ ነዋሪውን ጠይቁ። ተረቴን መልሱ፣ እንስራችሁን ከጥሩ ውኃ ሙሉ።