እንከን የሚታይበት ማኅበር

ተረት ተረት፤ የላም በረቱን ከፍታችሁ ስሙኝ። ሁሉ አለቃዋን ከጠየቀ አለቃዋ ማንን ትጠይቅ? እናት ወፍን ያስጨነቃት ይህ ጥያቄ ነበር።

በዛፏ ላይ የጎጆ ሠሪዎች አለቃ ነበረች። አንድ ክረምት ዝናብ በጎጆዋ በር ገብቶ እንቁላሎቿን አራሰባት። የየዛፉን አለቆች ጠርታ፣ "እህቶቼ፣ ስህተቴን እዩልኝ" አለች።

"ውይ! አለቃ ገመናዋን ታወጣለች?" አለች ቁራ።

"እንቁላሌ ከሚበሰብስ ገመናዬ ይውጣ!"

አንዲት ቢጫ ወፍ ጠጋ ብላ፣ "በሩን ወደ ታች አዙሪው፤ ነገ ደግሞ የእኔን ጎጆ ወለል እይልኝ" አለቻት።

በሩን አዞረችው፤ ጫጩቶቿም በደረቅ ጎጆ ተፈለፈሉ። ከዚያ ወዲህ አለቆቹ ማኅበር ገቡ፤ ተራ የደረሳት ድግስ ሳይሆን እንከኗን ታቀርባለች። እናት ወፍም፣ "የጠራኋችሁ እኔ ነኝ!" እያለች ደረቷን ትነፋለች።

ነገ ተራዋ ነው፤ ጎጆዋ ግን ቢፈለግ ቢፈለግ እንከን አልተገኘበትም። ምን ታሳያቸው? እባካችሁ ምከሯት።