ግንበኛውና ሁለቱ ዘንጎች

አንዲት ሴት ወደ መምሬ ዘርይሁን መጥታ ጠየቀቻቸው። እናቷ አንድ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጅቷ ሥራዋን ትታ ታጥባታለች፣ ታለብሳታለች፣ ታጎርሳታለች። «እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት፤ ማንኪያ እንኳ አላስይዛትም። ታዲያ ለምን ትቆጣኛለች መምሬ? ምን በደልኳት?» አለች። መምሬም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ግንበኛ ነበረ። እሱ የካበው ድንጋይ ክረምት አይነቀንቀውም ይባልለት ነበር። አንድ ቀን የቆመበት የእንጨት መወጣጫ ተሰበረና ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሮቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልቆሙለትም።

ይህ ግንበኛ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ሀብታም የእህል ነጋዴ። ወንድሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ግንበኛውን ወደ ቤቱ አመጣው፣ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ሰጠው፣ ዊልቸር ገዛለት። ከራሱ በቀር ግን ማንም ወንበሩን እንዲገፋ አይፈቅድም። «ሌላ ሰው ይጥለዋል» ይላል። ስለዚህ ግንበኛው በረንዳ የሚወጣው ወንድሙ ሲነሳ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስመው ወንድሙ ሲመቸው፣ ወደ ቤት የሚገባውም ወንድሙ ሲበርደው ነበር።

ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ ለመሄድ ሞክሮ ነበር። በደልዳላው ይሆንለታል። ከግቢው በር ጀምሮ ግን ዳገት ነው። አንዴ ገፍቶ እጁን ሊቀይር ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተትበታል። ማታ ማታ የእጁ አንጓ ያብጣል።

በዳገቱ አናት ሃያ ዓመት አብሮት ድንጋይ የጠረበ ባልንጀራው ይኖር ነበር። ያ ባልንጀራው ታመመና ላከበት። ግንበኛውም ወንድሙን «ውሰደኝ» አለው።

«መንገዱ ጭቃ ነው ወንድም ጋሼ፤ ትታመምብኛለህ። ሐሙስ እወስድሃለሁ» አለው ወንድሙ። ከልቡ ነበር። ባልንጀራው ግን ረቡዕ ሞተ።

ወንድሙ መኪና ተከራይቶ በክብር ቀብር አደረሰው። ግንበኛው ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጦ አፈሩ ሲመለስ አየ። የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውዬው በሕይወት ሳለ ልኮበት እሱ አልመጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ምንም መለመን ተወ። «ውሃ ልስጥህ?» ሲሉት «እንደ ወደዳችሁ» ይላል። «ወደ ውጭ እንውጣ?» ሲሉትም «እንደ ወደዳችሁ» ይላል። ወንድሙ ሐዘን ነው ብሎ ወፍራም ትራስ ገዛለት።

አንድ ቀን የግቢው የብረት በር ማጠፊያ ተሰበረና አንዲት በያጅ ሴት ልትጠግነው መጣች። ወንድሙ ገበያ ነበር። ግንበኛው ሥራዋን በባለሙያ ዓይን ሲከታተል ቆየና «የታችኛውን ድገሚው፣ አልያዘም» አላት።

ጎንበስ ብላ አየችው። እውነቱን ነው፤ አልያዘም። ሳቀችና «ባለሙያ ነዎት እንዴ?» አለችው።

«ነበርኩ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ? የት መሄድ ይፈልጋሉ?»

ከወደቀ ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በበሩ አሻግሮ እያየ «ያን ዳገት መውጣት» አላት።

ሴትዮዋ ሜትሯን አወጣች። እግሩን አላየችም፤ ክንዱን ነው የለካችው፣ ከትከሻው እስከ መዳፉ። «ትልቅ ድንጋይ በእጅዎ ይፈነቅሉ ነበር ወይስ በዲጂኖ?» አለችው።

«በዲጂኖ ነዋ! በእጅ ማን ይፈነቅላል?»

«እንግዲያው ጎማውንም እንደ ድንጋይ ይቁጠሩት» ብላ ሄደች።

በዐሥረኛው ቀን ሁለት ረጃጅም የብረት ዘንጎች ይዛ መጥታ አንዱን በቀኙ፣ አንዱን በግራው ጎማ ላይ ገጠመች። ከግርጌያቸው ከአሮጌ ብስክሌት ያወጣችው ባለ ጥርስ ብረት አለ፤ ዘንጉን ወደ ፊት ሲገፉት ጎማውን ይዞ ያዞራል፣ ወደ ራስ ሲመልሱት ይለቃል። ወንበሩ በዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተትም መግቻ አበጀችለት። ከእንግዲህ እጁ ከጎማው ጭቃ ጋር አይገናኝም።

በመጀመሪያው ቀን ቀኝ እጁ እየበረታበት ወንበሩ ዞሮ ከግድግዳ ጋር አጋጨው። በሁለተኛው ቀን መዳፉ ውሃ ቋጠረ። በያጇ ተመልሳ የግራውን ዘንግ በሁለት ጣት ያህል አስረዘመችለት። ወንድሙ ግቢው ውስጥ ሲዞር አይቶ ደስ አለው። «ይጫወትበት፣ ጊዜ ያሳልፍለታል» አለ።

አንድ ማለዳ ወንድሙ ከወጣ በኋላ ግንበኛው የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ። ገፋ፣ መለሰ፤ ገፋ፣ መለሰ። ትከሻው ጋለ፤ ወንበሩ ግን አልተንሸራተተም። መንገድ ዳር በወጣትነቱ የካበው አጥር ነበር። እዚያ ቆመ። ማንም ቁም ሳይለው ቆመ፣ ድንጋዮቹን ዳሰሰ፣ ሲበቃው ቀጠለ።

ዳገቱን ሲያጋምስ ከኋላው የሩጫ ድምፅ ሰማ። ወንድሙ ነው፤ ቤት ተመልሶ ክፍሉ ባዶ ሆኖበት ነው የመጣው።

«ገደልከኝ እኮ ወንድም ጋሼ! ብትወድቅስ?» አለና የወንበሩን ጀርባ ያዘ።

«ተው።»

«ልግፋህ እንጂ! ላብ በላብ ሆነሃል።»

«ላቡ የኔ ነው። ተው።»

ወንድሙ እጁን ሳያነሳ «ምን አጎደልኩብህ?» አለ።

«ምንም አላጎደልክብኝም። ወዳጄ ግን ሲጠራኝ አልደረስኩለትም። ሚስቱን እንኳ በራሴ ሄጄ ላጽናናት።»

ወንድሙ ወንበሩን ለቀቀና ከኋላ ወጥቶ በጎኑ መጣ። አራት ዓመት ሙሉ ግንበኛው መንገድ ላይ የሚሰማው የወንድሙን ትንፋሽ ብቻ ነበር። አሁን ቀና ብሎ ፊቱን አየው።

«አንተ! መቼ ሸበትክ?» አለው።

«አንተ አይደለህ ያሸበትከኝ!» አለ ወንድሙ፤ ሁለቱም ሳቁ። ጎን ለጎን ወጡ። መንገዱ ሲከፋ ወንድሙ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንዳይዘረጋው ይታገል ነበር፤ እርሱም የራሱ ዳገት ነበረው።

የሟቹ ሚስት ከደጃፏ ሆና አየቻቸው። «ወንድሜ! ማን አመጣህ?» ብላ ጮኸች።

ግንበኛው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ወንድሙ ቀደመና «እኔን ነው እሱ ያመጣኝ» አላት።

እስከ እኩለ ቀን ስለ ሟቹ ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ ወዲያ ግንበኛው ግንብ ወደሚገነባበት ሁሉ እየሄደ ያያል፣ ያርማል፣ ይቆጣል። አንዳንድ ቀንም የትም አይሄድም፤ እስከ መንታ መንገዱ ደርሶ እንዲያው ይመለሳል።

መምሬ ይህን ተናግረው ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ነጋዴ አንቺ ነሽ። ፍቅርሽ እንደ እሱ ፍቅር እውነተኛ ነው፤ እንደ እሱም ከኋላ ሆኖ የሚገፋ ነው። እናትሽ የምትቆጣው ፍቅርሽን ጠልታ አይደለም። ዛሬ ስትቆጣሽ እግዚአብሔርን አመስግኚ፤ ‹እንደ ወደድሽ› ያለችሽ ቀን ነው ማልቀስ። አንድ እጇ ይሠራ የለ? እንግዲያው እጀታው ወፈር ያለ ማንኪያ አሠሪላት። ይፈስባታል፤ ይፍሰስ። አንቺ ከጎኗ ተቀመጪና የራስሽን ብዪ።»