«ና» ያለው ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ሾፌር ወደ ፊት በዓይኑ፣ ወደ ኋላ በጆሮው በሚነዳበት አገር፣ ዘርጋው የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ነበር። አገሩ ሩቅ አይደለም። እዚያ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲገባ ረዳቱ ይወርድና ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና!» ይላል፤ ሲደርስም «በቃ!» ብሎ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ይመታል። ሾፌሩ ከጭነቱ በስተኋላ የሚያየው ነገር የለም። የሚያምነው ድምፅ ነው።

የዘርጋው ረዳት ሙሄ ይባላል። ከሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጢሙ የሸበተ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና መውደቅን እንደ ዓመት በዓል የለመደ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ግን የጽሑፉን ፈተና አልፎ የተግባሩ ብቻ ቀርቶት ነበር። ዘርጋው በበኩሉ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ቢሆንም እንዳለው አይቆጥረውም። ክረምት ላይ የሰው አጥር ጥሶ፣ የመንገድ ትራንስፖርቱ ኃላፊ «አንድ ጥፋት ብትደግም ይህችን ወረቀት አታያትም» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ መሪ በጨበጠ ቁጥር መዳፉን ያልበዋል። ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

አንድ ጠዋት ዱቄት ጭነው ወይዘሮ ደብሪቱ ዳቦ ቤት ደረሱ። ጓሮው ጠባብ ስለሆነ መኪናው በኋላው ካልገባ አይራገፍም። ሙሄ ዘሎ ወረደ። ዘርጋው የኋላ ማርሽ አስገብቶ ጠበቀ።

«ና!» አለ ድምፁ።

ዘርጋው ጥቂት መጣ፤ ፈራና ያዝ አደረገ።

«ና እንጂ! ምን ያስፈራሃል?»

ዘርጋው አፈረ። ፍርሃቱ ከኋላ ድረስ የታየበት መሰለው። ፍሬኑን ለቀቀና ነዳጅ ረገጠ።

መጀመሪያ መኪናው አንድ ነገር ላይ ተደገፈ። ቀጥሎ የተደገፈበት ነገር ከዳው። ጡብ ሲናድ፣ ቆርቆሮ ሲጣመም ተሰማ። ከዚያ ምንም አልተሰማም። «ና» የሚለውም ድምፅ ጠፋ።

ድምፁ የሴት እንደነበረ ዘርጋው ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው።

ሞተሩን አጠፋ። እጁ ከመሪው አልላቀቅ አለው። «ጋሽ ሙሄ!» ብሎ ተጣራ፤ መልስ የለም። «እትዬ ደብሪቱ!» አለ፤ መልስ የለም። በጎን መስታወቱ ነጭ አቧራ ሲነሣ ያያል። ወርዶ እንዳያይ የሚያየውን ፈራ፤ ተቀምጦ እንዳይቀር ደግሞ ከሥር የተያዘ ሰው ካለ እያንዳንዷ ትንፋሽ የእርሱ ዕዳ ናት። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን እንዳወጣ ከአቧራው ውስጥ አንድ ነጭ ነገር በቁሙ መጣ። ጸጉሩ ነጭ፣ ፊቱ ነጭ፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ።

«በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?» አለው ነጩ ነገር።

ዱቄት የለበሰችው ወይዘሮ ደብሪቱ ነበረች። ጭረት እንኳ አልነካትም። ዘርጋው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሙሄ ከመኪናው እንደወረደ ከመንገዱ ማዶ የአገሩን ሰው አየና ሰላም ሊል ተሻገረ። ግድግዳው ሲናድ ሰላምታቸው ቤተሰቡን ጨርሶ ገና ከብቶቹ ላይ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ደግሞ አረጋ የሚባለውን አዲስ ተሸካሚዋን ዱቄት እንዲያራግፍ እየጠራችው ነበር። አረጋ ጓሮ የታሰረውን ውሻ ፈርቶ በሩ ላይ ተገትሯል። «ና እንጂ! ምን ያስፈራሃል?» ያለችው እርሱን ነው። «ታስሯል!» ብላም ነበር፤ ይህን ቃል ግን የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። የተናደው ግድግዳ የጡብ ምድጃዋ ያረፈበት ነው። ምድጃ የሌለው ዳቦ ቤት ደግሞ የዱቄት መጋዘን ነው።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። የመኪናው ባለቤት ያስጠራው የመድን ድርጅት ሰውም መጣ፤ ጫማውን ከዱቄቱ እየጠበቀ ቆመና ነገሩን በትሕትና አስረዳ።

«ጥፋቱ የሾፌሩ ከሆነ ድርጅታችን ምድጃውን ያሠራል። የረዳቱ ከሆነም ያሠራል። ባለንብረቷ ራሳቸው ጠርተው ያስገቡት ከሆነ ግን ለተጠራ እንግዳ አንከፍልም።»

ትራፊኩም የራሱን ጨመረ። «ሾፌሩ ከሆነ መንጃ ፈቃዱን እዚሁ እቀበለዋለሁ። ረዳቱ አሳስቶት ከሆነ ሾፌሩ ያመልጣል፤ ረዳቱ ግን መንጃ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ይርሳው። በሉ፣ ‹ና› ያለው ማን ነው?»

ሙሄ ቀደመ። «እኔ ነኝ።»

ዘርጋው ክንዱን ያዘው። «ጋሽ ሙሄ፣ ምን ሆነሃል? አልነበርክም እኮ!»

«ዝም በል አንተ» አለ ሙሄ በሹክሹክታ። «እዚያ መቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ቦታ የወጣ ድምፅ ሁሉ የእኔ ነው።» ሹክሹክታው ግን የሽማግሌ ነውና ጓሮው ሁሉ ሰማው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላዋን እያራገፈች ወደ ፊት መጣች። «ይኼ ሽማግሌ በጠዋቱ ይዋሻል። ‹ና› ያልኩት እኔ ነኝ። አረጋን ጠርቼ መኪናው መጣ።»

«እናቴ፣ የሚናገሩትን ያውቃሉ?» አለ የመድኑ ሰው። «ይህን ከጻፍኩ ምድጃውን ራስዎ ነው የሚሠሩት።»

«በምን እንደምሠራው አላውቅም» አለች። «ግን ድምፁ የእኔ ነው። የሰው እንጀራ ዘግቼ ዳቦ አልጋግርም።»

«ሰው በገዛ ጓሮው ሠራተኛውን ‹ና› ማለት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ አረጋ ከበሩ። አሁንም ከውሻው ዓይኑን አልነቀለም።

የዘርጋው ተራ ደረሰ። እውነቱን ቢናገር ፈቃዱ ይተርፋል፤ ሴትዮዋ ግን ፍርስራሽ ታቅፋ ትቀራለች። የሙሄን ውሸት ቢያጸድቅ ምድጃውም ይሠራል፣ እርሱም ይነዳል፤ ሙሄ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ከኋላ ቆሞ «ና» ሲል ይኖራል።

«ማንም አልጠራኝም» አለ ዘርጋው። «መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሳላይ መጣሁ።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አንዳንዶች ጀግንነት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከዚያ ጸጥታ በኋላ መሪ መጨበጥ ራሱ ስለሚያስፈራው ሸክም ጣለ እንጂ ምንም አልሰጠም ይላሉ። ዘርጋው ራሱ ቢጠየቅ የሚያውቅ አይመስልም።

ትራፊኩ ቆቡን አወለቀ። «ሌላ ጊዜ ጥፋተኛ አጥቼ ነው የምደክመው» አለ። «ለአንድ ምድጃ ሦስት ጥፋተኛ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው አንዱን ብቻ ነው።» ወደ ዘርጋውም ዞረ። «መሪው ላይ ሆነህ የሰማኸውን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ፤ የወንድ ነው፣ የሴት ነው፣ ወይስ ድምፅ አልነበረም?»

ዘርጋው አፉን ከፈተ። ሙሄ ዓይኑን አፈጠጠበት። ወይዘሮ ደብሪቱም አፈጠጠችበት።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ መሪውን ይዞ ነበር፤ አንዷ ድምፁን አውጥታለች፤ አንዱ በቦታው አልነበረም። የምትጽፉት እናንተ ብትሆኑ፣ ምድጃው በማን ጥፋት የፈረሰ ነው ትላላችሁ?