በዘፈን የተሸፈነው ምርቃት

አንድ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነበር። ስሙ ግዛቸው ይባላል። እጁ ፈጣን ነው፤ ከእጁም ልቡ ይቸኩላል። የያዘውን ሠርግ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ያቁነጠንጠዋል። ፍጥነቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ ድሮ አንድ ያማረ ሠርግ ሠርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ኮፒ እያደረገ በየሰዉ ሠርግ ላይ መለጠፍ ነው። ርዕሱ ያው፣ የሚረግፈው አበባ ያው፣ ዘፈኑም ያው። የሙሽሮቹን ስም ብቻ ይቀይራል። ደንበኞቹ “እጅህ ይባረክ” ይሉታል፤ እሱም ያምናቸዋል።

አንድ ቀን ፋሲካ የምትባል ሙሽራን ሠርግ ያዘ። ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት የምትስምበት፣ አባቷ አቶ ይርዳው የሚመርቋት ቦታ ላይ ደረሰ። የሰውየው ድምፅ ደካማ ነው። ያስላሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። በዚያ ላይ እልልታውና ከበሮው አያሰማም። ግዛቸው ትዕግሥቱ አለቀ።

“ይሄንን ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል!” አለና ድምፁን ቆርጦ ጣለው። ካለፈው ሠርግ ዘፈኑን አምጥቶ ለጠፈበት፣ አበባውን አረገፈበት፣ ከሥሩም “የአባት ምርቃት” የሚል ጽሑፍ አስገባ። ቪዲዮውን እንዳስረከበ፣ ለሚቀጥለው ሠርግ ቦታ እንዲለቅለት ዋናውን ቀረጻ ከኮምፒውተሩም ከካሜራው ሚሞሪም አጠፋው።

በሳምንቱ ፋሲካ ጥቁር ለብሳ መጣች።

“ግዛቸው፣ አባዬ አረፈ” አለችው።

“ውይ! ነፍሳቸውን ይማር፤ እግዜር ያጽናሽ። ታመው ነበር እንዴ?”

“ሲመርቀኝም ታሞ ነበር። እኔ እያለቀስኩ፣ ሰዉ እየጨፈረ፣ ያለኝን ሳልሰማው ቀረሁ። በቪዲዮው እሰማዋለሁ ብዬ ነበር የተጽናናሁት። ከቀብሩ ተመልሼ ብከፍተው ዘፈን ነው። እባክህ፣ ድምፁን መልስልኝ።”

ግዛቸው ኮምፒውተሩን በረበረ፣ ሚሞሪዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ፣ የጠፋ ፋይል ያወጣል የተባለ ባለሙያ ጋ ሮጠ። ምንም የለም። በዚያው ሚሞሪ ላይ የሌላ ሰው ሠርግ ተቀርጾበታል። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

“እንደ አዲስ ልሥራልሽ” አላት። “ፎቷቸውን አስገብቼ፣ የሚያምር...”

“ማማሩንማ አሁንም ያምራል። ዘፈኑን ታክሲ ውስጥም እሰማዋለሁ። የአባቴን ድምፅ ግን ከየትኛው ሠርግ ኮፒ ታደርግልኛለህ?”

ግዛቸው፣ እሷ ከሄደች በኋላ ቪዲዮውን ከፈተ። በሚረግፈው አበባ መሃል የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ወደ ኋላ መልሶ አየ። ደግሞ መልሶ አየ። ዘፈኑን ዘጋው፤ አንድም ቃል አልመጣለትም። ደንበኛ በሩን ቢያንኳኳም አልሰማም።

ወዳጆቼ፣ ኮፒ ማድረግ ነውር አይደለም፣ ሥራ ያቀልላል። ነገር ግን ለአንዱ ያማረው ሁሉ የሌላውን ቦታ አይሞላም። ሰው ከእኛ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ የተዋበ ነገር አይደለም፤ ከነሳሉና ከነመንተባተቡ የራሱ የሆነውን ነው። ያንን ደግሞ የሚያጠፋብን ክፋት ብቻ ሳይሆን ችኮላም ነው።

ዛሬ አጠገባችን ሆኖ በደካማ ድምፅ እየተናገረ፣ እኛ ቸኩለን ዘፈን የከፈትንበት ማን ይሆን?