ፓኬጅ የሚበላው አፕዴት

በእኛ ገበያ ሥራውን «ነገ፣ ነገ» የሚል ሰው ከተገኘ አንድ ተረት ይወረወርበታል። ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ፤ የወጣው ከፎቶ አንሺው ከእምሩ ቤት ነው።

እምሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው ሲያነሳ ኖሯል። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ክርስትና የተነሳው፣ ሁሉም እሱ ዘንድ አለ። ሰው ሲሞት ለለቅሶ የሚያዘው ፎቶም የሚወጣው ከእሱ ነው። ኋላ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አስገባና፣ እርጥበት የበላውን አሮጌ ኔጋቲቭ በጆንያ አውጥቶ አቃጠለው።

ኮምፒውተሩ ታዲያ ጠዋት ጠዋት «አፕዴት አድርገኝ» የሚል መልእክት ያወጣል። እምሩ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኩ ነው። «ሂድ ወዲያ! ፓኬጄን ልትጨርስብኝ?» ይልና «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ይነካል።

ኮምፒውተር የምትጠግንለት መቅደላዊት ይህን አይታ ጮኸች።

«ኧረ ጋሽ እምሩ! ዓመት ሙሉ አላደሱትም እኮ! ሌባ የሚገባው በዚህ ነው። ኮፒስ ይዘዋል?»

«ሌባ እኔ ጋ ምን አለውና? የሙሽራ ፎቶ ሊሰርቅ?»

«ፎቶውን ቆልፎ ገንዘብ ሊጠይቅዎት ነዋ!»

«እሺ በቃ፣ ለበዓል ቅናሽ ፓኬጅ ሲመጣ አድሰዋለሁ። ትንሣኤ ደርሶ የለ እንዴ!»

ትንሣኤ ግን አልጠበቀውም። በሆሳዕና ማግስት ኮምፒውተሩን ቢከፍት ቀይ ጽሑፍ ብቻ አፈጠጠበት። ፎቶው ሁሉ ተቆልፏል፤ ለመክፈቻው የሚጠይቁት ገንዘብ ደግሞ ቤቱ ቢሸጥም አይሞላም። መቅደላዊት ሁለት ቀን ታግላ ታግላ ተነሳች።

«ሄዷል፣ ጋሽ እምሩ። አይመለስም።»

እምሩ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቅሎ ቁጭ አለ። ገና ወንበሩ ላይ እንዳለ እትዬ ስንዱ ከገጠር መጡ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ትርንጎ አምና ነው ያረፈችው፤ በሕይወቷ ፎቶ የተነሳችው አንድ ጊዜ፣ እዚሁ ቤት ነው።

«ጋሽ እምሩ፣ የትርንጎዬን ፎቶ በትልቁ ያውጡልኝ። ሙት ዓመቷ ደረሰ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መልእክቱን፣ የመቅደላዊትን ምክር፣ የበዓሉን ፓኬጅ፣ አንድም ሳይደብቅ እያለቀሰ ነገራቸው። እትዬ ስንዱ ፎቶ የተደረደረበትን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር አዩ። ትርንጎ እዚያም የለችም።

«ዓይኔን ስጨፍን መልኳ እየጠፋብኝ ነው» አሉ። «እሱን ብዬ ነበር የመጣሁት።»

«እትዬ፣ ትንሣኤን ብቻ እኮ ነበር የምጠብቀው!»

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ደፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ ሳይቆጡ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ነገ በረቴን አጥራለሁ ያለ፣ ዛሬውን ለጅብ አደለ» አሉ።