የእመት አህዪት የጠዋት መንገድ

አንድ ጊዜ አርጅተው ማስታወስ የተሳናቸው እንስሳት በአንድ የእሾህ አጥር ውስጥ ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። ጠባቂያቸው በሬ ነበር። በሬ ደግ ነው፤ ሣር ያቀርብላቸዋል፣ ዝንብ ያባርርላቸዋል። ግን ፈሪ ነው። አንድ ሽማግሌ ፍየል ወጥቶ ገደል ከገባበት ወዲህ በሩን በግንድ ዘግቶ እዚያው ደጃፉ ላይ ይተኛል።

ከአዛውንቱ መካከል እመት አህዪት ነበረች። የልጆቿን ስም ረስታለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከምንጭ ውሃ ስታመላልስ መኖሯን ግን አልረሳችም። ጎህ ሲቀድ ተነስታ በሩ ላይ ትቆማለች።

«ክፈትልኝ ልጄ፤ ውሃ ላመጣ ነው።»

«ውሃ እዚሁ አለልሽ እማማ፤ አረፍ በይ።»

«እሺ» ትልና ወዲያው ረስታ፣ «ክፈትልኝ ልጄ፤ ውሃ ላመጣ ነው» ትላለች።

እምቢ ሲላት እሾሁን በግንባሯ ትገፋለች። ግንባሯ ይደማል። ውሎ ሲያድር መግፋቱንም ተወችው፤ ጥግ ይዛ ተኛች፣ ሣር አልቀምስ አለች፣ እግሯም አበጠ።

ይህን ጊዜ ጅብ ከአጥሩ ውጭ ብቅ አለ። እዚያ ውስጥ የሞተ ሁሉ ወደ ገደሉ ስለሚጣል፣ ጅብ ከዚያ አካባቢ ርቆ አያውቅም።

«ወንድሜ በሬ፣ ተነስታ ልትጠፋብህ ትችላለችና እግሯን እሰራት። እኔ ለእሷው አስቤ ነው» አለ። ይህን ሲል ምራቁ ባገጩ ይወርድ ነበር።

በሬ አመነውና ገመድ ፍለጋ ሄደ።

በዚያው ጠዋት ቀበሮ እዚያው አጥር ውስጥ የምትኖረውን እናቷን ልትጠይቅ መጣች። እናቷ አላወቀቻትም። ቀበሮ አጠገቧ ተቀምጣ ጆሮዋን እየላሰችላት ዙሪያውን ቃኘች፤ የተኛችውን አህዪት፣ በሬ ይዞት የመጣውን ገመድ፣ የጅብንም ምራቅ አየች።

«አያ በሬ፣ ገመዱ ለምንድን ነው?»

«ብለቃት ገደል ትገባብኛለች።»

«ብታስራትስ የት ትገባለች?»

በሬ ወደ ገደሉ ተመለከተና ገመዱን ጣለው።

«እንግዲያው አንለቃትም፣ አናስራትምም» አለች ቀበሮ። «አጥሩን እናስፋው። እዚያ ማዶ ያለው ምንጭም አጠገቡ ያለው ዋርካም ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ገደሉ ውጭ ይቅር። ከዚያ ዙሪያውን የሚዞር መንገድ እናውጣ፤ የጀመረውን ሁሉ ወደ ማደሪያው የሚመልስ።»

«ያን ሁሉ እሾህ ማን ይጎትታል?»

ቀበሮ ወደ ጅብ ዞረች። «አያ ጅቦ፣ አጥሩ ቢሰፋ ያረጀ ሁሉ ከየአገሩ ይመጣል። የመጣው ሁሉ ደግሞ...» ብላ ወደ ገደሉ አየች።

«ይሞታል» ብሎ ጨረሰላት ጅብ። «እሾሁ የታለ?»

ቀኑን ሙሉ የግራር እሾህ ሲጎትቱ፣ መንገዱንም ሲጠርጉ ዋሉ። ጅብ ከበሬ በልጦ ሠራ፤ መዳፉ እስኪቆስል ጎተተ፣ ከውጭ በኩል ቆሞ አጥብቆ ሸጎጠ። አዲሱ አጥር እስኪያልቅ የድሮው በር አልተከፈተም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ግንዱን አነሳ። ቀበሮም ወደ አህዪት ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ ውሃ አታመጪም?» አለቻት።

አህዪት ጆሮዋን አቆመች። እየተንቀጠቀጠች ተነሳች። በሩን አለፈች። አዛውንቱ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዩአት ጀመር። ጥቂት እንደሄደች ተደናቅፋ ወደቀች፤ ጉልበቷ ተላጠ። በሬ ሊሮጥ ሲል ቀበሮ ጅራቱን ያዘችው።

«ቆይ፣ ልትነሳ ነው።»

ተነሳች። ከዋርካው ጀርባ ተሰወረች።

«ጠፋች» አለ በሬ።

«ጠብቅ።»

ድንገት ከምንጩ በኩል አገር የሚያናውጥ የአህያ ድምፅ ተሰማ። አህዪት እያናፋች ነበር፤ ከታመመች ወዲህ እንዲህ አናፍታ አታውቅም። ወዲያው መንገዱ ራሱ እየመራ በዋርካው ሌላ ጎን መለሳት፤ አፏ ርሷል፣ ጅራቷን ትወዘውዛለች።

«ውሃ ወርጄ መጣሁ፣ ልጄ» አለችው በሬን።

«ደግ አደረግሽ፣ እማማ» አለ በሬ፣ ሣር እያቀረበላት።

አህዪት ሣሩ ላይ አጎንብሳ መብላት ጀመረች። የቀበሮም እናት ብድግ አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ያን ዕለት መንገዱ በኮቴና በመዳፍ ተሞላ።

ጅብ ገደሉ ሥር ሆኖ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚወድቅለት አጣ። መጥቶ በአጥሩ ቀዳዳ፣ «ዛሬስ ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀ።

«ማንም» አለው በሬ። «ሁሉም ሽርሽር ወጥተዋል።»

ጅብ ዘልቆ ሊገባ ሞከረ፤ ራሱ የሸጎጠው እሾህ ግን አላሳልፍ አለው። ሆዱ እየጮኸ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ማስታወስ የተሳነው አዛውንትም የሚሄድበት መንገድ እንደሚያሻው፣ ለደኅንነቱ የሚሠጋለትም ያንን መንገድ ሊያበጅለት እንደሚገባ ነው።