እመት ዶሮ ማማውን የከሰሰች ጊዜ

ተረቴ መጣች፣ በሩን ክፈቱላት። ከፈታችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁንም ክፈቱ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እርስ በርስ በስልክ በሚጠራሩበት ዘመን፣ እመት ዶሮ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። አንድ ጠዋት ብትነቃ ከአጥሯ ማዶ፣ በአያ አህያ ግቢ፣ ረጅም የስልክ ማማ ተተክሏል። ማማው ዥ... ይላል። ቀን ዥ፣ ሌሊት ዥ። ዶሮ እንቅልፍ አጣች። «ይሄ ነገር ጫጩቶቼን ቢጎዳብኝስ?» አለች። እናት ናትና ፈራች።

ተነስታ ወደ አህያ ሄደች።

«አያ አህያ፣ ሳትጠይቀኝ ምን አቆምክብኝ?»

«ግቢው የኔ ነው» አለ አህያ፣ ለማማው ቦታ በኪራይ ያገኘውን ገለባ እያላመጠ።

«ግቢውስ ያንተ ነው፤ ድምፁ ግን አጥር አያውቅም።»

ተመልሳ ታቀፈች። ዥ... አላስቀምጥ አላት። ተነስታ ማማውን ያስተከለችው እመት ጦጣ ዘንድ ሄደች።

«እመት ጦጣ፣ ማማሽ ጫጩቶቼን አይጎዳም?»

«ምንም አያደርግም። አዋቂዎች መርምረውታል።»

«ምን አሉ? ንገሪኝ።»

«ብነግርሽስ መቼ ይገባሻል?»

ተመልሳ ታቀፈች። ዥ... አሁንም ተነሳች፤ ማማውን ራሱን ጠየቀችው።

«እኔ ምን አውቄ» አለ ማማው ከላይ። «ያቆሙኝ ቦታ ቆሜያለሁ። እኔንም የጠየቀኝ የለም።»

ቢቸግራት ለዳኛው ለአያ በሬ ከሰሰች። ችሎት ተሰየመ። ጦጣ ቀድማ ተነሳች።

«ጌታዬ፣ ወደ ችሎቱ ስመጣ በጎጆዋ አልፌ እንቁላሎቹን ነክቼ አየኋቸው፤ በርደዋል። ያበረዳቸው ማማው አይደለም። እሷ ናት ጥላቸው ስትዞር የከረመችው።»

ዶሮ አንገቷን ደፋች። እውነት ነበር።

በሬ ማመንዠኩን ተወ።

«ማን አስነሳት?» አለ።

ከዚያም ወደ ጦጣ ዞረ።

«ጎጆዋ ተቀምጣ ሳለ ማን አስነሳት? ማማው ይጉዳ አይጉዳ እኔ አላውቅም። በአገራችን ግን ጠላ ቀድቶ የሚሰጥ፣ ፊት በመዳፉ ይቀምሳል። እመት ጦጣ፣ ምንም የማያደርግ ከሆነ ልጆችሽን አምጪና ክረምቱን ከሥሩ አሳድሪ።»

ጦጣ ራሷን አከከች።

«የኔ ልጆች እንኳ... ዛፍ ነው የለመዱት» አለች።

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ዶሮ ብቻ አልሳቀችም።

ማማው ተነቅሎ ማንም ወደማይኖርበት ኮረብታ ሄደ። አህያ ያልበላውን ገለባ መለሰ። ጦጣም ዶሮ እንደገና ጥላ እስክትፈለፍል ድረስ ጥሬ እንድታቀርብላት ተፈረደባት። ዶሮ እንደገና ጣለች፣ እንደገና ታቀፈች። ግን እስከ ዛሬ ስታቅፍ ሁለቱንም ዓይኗን አትከድንም፤ ዥ የሚል እየመሰላት ታዳምጣለች።

እንግዲህ ተረቴ ልትወጣ ነው። በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ጎረቤታችሁ እንቅልፍ እንዳለው ጠይቁ። ያልቀመሰ አያቅምስ፣ ያልጠየቀ አይትከል።